ካልሲ የገባበት ቃጭል

ዮዲ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ካልሲው ትዝ አላት።

እርሳሷ ባለበት ቆመ። ቀና ብላ የክፍሉን ሰዓት አየች፤ ሦስት ተኩል ሆኗል። ካልሲው ከትናንት ማታ ጀምሮ ቃጭሉ ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ዳቦዋን ጎርሳ፣ ሁለት እርሳስ ቀርጻ፣ በቃጭሉ ሥር አልፋ ወጥታለች።

የዮዲ ቤትና የእማማ ተናኘወርቅ ቤት ፈላና በር አካባቢ፣ ከከተማው ግንብ ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚያ ግድግዳ ቀዳዳ ሽቦ ያልፋል። ሽቦውን የዘረጉት የእማማ ባለቤት ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና አናጺ ነበሩ። በሠፈሩ ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን ሌባ ገብቶባቸው ቢጮኹ ሰሚ አጡ። በማግሥቱ ጊደር መጋላ ገበያ ሄደው ከከብት ነጋዴ የነሐስ ቃጭል ገዙ። ቃጭሉን ጎረቤት ቤት፣ ገመዱን የራሳቸው አልጋ አጠገብ ሰቀሉ። ሕጉንም እሳቸው አወጡ፤ አንዴ ከተሳበ «ሲመቻችሁ ብቅ በሉ»፣ ሦስቴ ከተሳበ «ድረሱልኝ»። ዛሬ እማማ ሞባይል አላቸው፤ ቁጥሮቹ ስለማይታዩዋቸው ግን ስልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚውለው።

ጣጣው ያለው «አንዴ» ላይ ነው። መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ፣ አንዴ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፋ፣ አንዴ። ድመቷን አይተሻታል? አንዴ። ትናንት ዮዲ ሒሳብ ልታጠና ከተቀመጠች በኋላ አምስት ጊዜ ተጠራች። በመጀመሪያው ሴሚስተር አርባ አንድ ያመጣች ልጅ ዛሬ ካላካካሰች ሰባተኛ ክፍልን ልትደግም ነው። ከአምስተኛው ጥሪ በብስጭት ተመለሰች። የልብስ ማስጫው ላይ ያገኘችውን ወፍራም ካልሲ አንሥታ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ቃጭሉ ውስጥ ወተፈችው። ለአንድ ማታ ብቻ ነበር ሐሳቧ።

አሁን እግሯ ከዴስኩ ሥር አላርፍ አለ።

«ምን ሆነሻል?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሂክማ በሹክሹክታ። «ወላሂ ዴስኩን ልትጥይው ነው!»

«ዝም በይ፣ እየሠራሁ ነው።»

አልሠራችም። «አንድ ሠራተኛ አንድን ሥራ በስድስት ቀን ቢጨርስ» የሚለውን አራቴ አነበበችው፤ ሠራተኛው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እማማ ደህና ናቸው፣ አለች ለራሷ። ሁልጊዜም ደህና ናቸው። እናቷ ገበያ ናት። አባቷ ግን ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ አሁን ቤት ተኝቷል፤ ቃጭሉ ከራስጌው በላይ ነው። እንቅልፉ የቱንም ያህል ቢከብድ ያ ቃጭል ይቀሰቅሰዋል። ማለትም፣ ቢጮኽ ኖሮ።

እጇን አወጣች። ፈታኙ መምህር ሙሐዲን አጠገቧ መጡ።

«ቲቸር፣ እባክዎ ለአባቴ ይደውሉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገረው።»

መምህሩ ፊቷን አይተው አልተከራከሯትም። በር ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ ሞከሩ። «ዝግ ነው» አሉ። ዮዲ ይህን መገመት ነበረባት፤ አባቷ ሲተኛ ስልኩን ያጠፋል።

«እንግዲያው ልሂድ።»

«ከወጣሽ መመለስ የለም። ስንት ሠርተሻል?»

«አሥራ አንድ።»

«ከሠላሳ?» መምህሩ ወረቀቱን ተመለከቱ። «ልጄ፣ አስቢበት እንጂ።»

እያሰበች ነበር፤ ሌላ ነገር ማሰብ ነው ያቃታት። ወረቀቱን አስረከበች። ሂክማ አፏን ከፍታ ቀረች።

ከትምህርት ቤቷ ከአቦከር እስከ ቤቷ እየሮጠች፣ ሲደክማት እየተራመደች፣ ደግሞ እየሮጠች ደረሰች። በመንገዷ ሁሉ ራሷን ስትሳደብ ነበር። እማማ በር ላይ ተቀምጠው ቢያገኟትና «ምነው በጊዜ መጣሽ?» ቢሏት ፈተናውን በከንቱ ጣለችው ማለት ነው። እንደዚያ እንዲሆን ለመነች። በከንቱ እንዲሆን።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ገፋ አድርጋ ገባች።

እማማ ተናኘወርቅ ከአልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ ወድቀዋል። የተገለበጠ በርጩማ አጠገባቸው አለ። ገመዱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«እማማ!»

«ዮዲዬ» አሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። «ሦስቴ ነው የሳብኩት። ደግሜም ሦስቴ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። በእግዚአብሔር፣ አንዴ አልነበረም ልጄ።»

ዮዲ ተንደርድራ ቤቷ ገባች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ካልሲውን መዝዛ ኪሷ ከተተችው። አባቷን የቀሰቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ራሷም ልብ ያለችው ቆይታ ነው።

ባጃጅ በጠባቡ መንገድ አይገባም። አባቷና ጎረቤታቸው ሰዒድ እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ ግንቡ በር ተሸከሟቸው። እማማ ሲያቃስቱ ሰዒድ «አይዞዎት እማማ፣ ኢንሻአላህ ደረስን» ይላል። ዮዲ ነጠላቸውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ዳሌያቸው መሰንጠቁን፣ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን እንደሚድኑ ነገራቸው። ሰዒድ መድኃኒት ሊገዛ ሄደ። አባትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ።

«ጆሮ ነው ይሄ?» አለ አባቷ። ድምፁ እንደዚህ ሲሰበር ሰምታው አታውቅም። «ሃያ ዓመት የሰው በር ጠብቄ፣ የገዛ ጎረቤቴ ከራስጌዬ እየጠሩኝ ተኛሁ። ቢሞቱስ ኖሮ? ለሥራዬም አልበቃም ማለት ነው።»

«አባዬ…»

«አንቺ ባትደርሺ ምን ይውጠኝ ነበር! ፈተናሽን ጥለሽ… እንዴት አወቅሽ ግን?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። «እንዲሁ ልቤን ሸከከኝ» ማለት ብቻ ይበቃታል። አባቷ ያምናታል፤ ለእናቷ ይነግራል፤ ሠፈሩ ሁሉ ልበ ብሩኋ ልጅ ይላታል። ፈተናውም ቢሆን በዚህ ምክንያት ይታሰብላት ይሆናል። ማንም አይጠይቅም። ቃጭሉ አሁን ባዶ ነው።

አንገቷን ደፋች። አባቷ ከአልጋው ዘሎ ሲወጣ ያገኘውን ነበር ያጠለቀው፤ በአንዱ እግሩ ቀጭን ጥቁር ካልሲ፣ በሌላው ወፍራም ግራጫ። ለሌሊት ብርዱ የሚያደርገው ካልሲ ነው። አንዱ እግር ብቻ።

ዮዲ እጇን ኪሷ ከተተች። የግራጫውን ጓደኛ አወጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጆሮህ ደህና ነው፣ አባዬ» አለች። «ይሄ ቃጭሉ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የከተትኩት።»