ብሎን የቆጠረው ጸሐፊ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙዚየሙ ለተመልካች ሳይከፈት፣ ሕንጻው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ ኃላፊው፣ ፎቶ አንሺው፣ ዘበኛው፣ የዘበኛው ልጅ እና ጋሼ ልቅም። ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሕይወት ያሉት አራቱ ነበሩ። ጋሼ ልቅም ከሁለተኛው ፎቅ ሰገነት ከነመደገፊያው ብረት ወድቆ አዳራሹ መሐል ተዘርግቷል። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ብረት ላይ ክርኑን አስደግፎ አዳራሹን ቁልቁል ማየት ልማዱ ነበር።

ጋሼ ልቅም በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ለሚወጡ ፎቶዎች መግለጫ ይጽፍ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን የሚያነበው ከሌለ ዝም ይላል። ዝም እንዳይል ጋሼ ልቅም ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ጽሑፉ ከፎቶው ጀርባ ስለሚቀመጥ ለሚያይ ሰው አይታይም። ልቅም የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ኃላፊው ነው፤ ለሙገሳ ግን አልነበረም።

የዘበኛው ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ሥራዋ መስማት ስለሆነ ሰሚዋ ይሏታል። ጋሼ ልቅም የጻፈውን ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ያነብላታል፤ እሷም በአእምሮዋ የሣለችውን መልሳ በቃሏ ትነግረዋለች። አንድ ነገር ከዘለለች ጥፋቱ የጸሐፊው ነው ተብሎ እንደገና ይጻፋል። አሠራራቸው ይኸው ነበር።

ፖሊስ በዚያው ቀን ዘበኛውን አሰረ። ያሳሰረው አንድ ፎቶ ነው። ኃላፊው ከድረ ገጹ ከፍቶ ያሳየው የሰገነቱ ፎቶ ከወር በፊት የተለጠፈ ሲሆን፣ በብረቱ እግር ላይ ካሉት አራት ብሎኖች ሁለቱ የሉም፤ የቀሩት ሁለቱም ላልተው ወጣ ብለዋል። ብሎን ማጥበቅና ብልሽት ማመልከት የዘበኛው ሥራ ነው። ስለዚህ ወር ሙሉ እያየ ሰው አስገደለ ተባለ። እሱ ብረቱን በየሳምንቱ ነቅንቆ እንደሚፈትሽ፣ ቅዳሜም ጥብቅ እንደነበር ማለ። ፎቶው ቁጭ ብሎ ሳለ ግን መሐላውን ማን ይሰማል? ዕድሜው ስልሳ ሁለት ነው፤ ከተፈረደበት በሕይወት ለመውጣቱ ዋስትና አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት መዝገቡን እንድትዘጋ የተላከችው መርማሪ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ ስትወጣ በየአራት እርከኑ የምታርፍ ሴት ነበረች። ሰገነቱ ላይ ደርሳ ብሎኖቹ የነበሩበትን ቀዳዳ ጎንበስ ብላ አየች። በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ የተፋቀው ብረት ያብለጨልጫል። ወር የቆየ ቢሆን ዝገት በያዘው ነበር። መዝገቡን ሳትዘጋ ወደ ኃላፊው ክፍል ወረደች።

ኃላፊው ሟቹን አመሰገነ፤ ወዲያው ደግሞ አማው። ሦስት መስመር የሚበቃውን ሦስት ክንድ ያደርገዋል አለ። የሚጽፈውን ታነቡታላችሁ ወይ ብትለው ቅር አለው።

«እኔ ሳላነብ አልፈርምም። እንዲያውም በሰገነቱ ጊዜ ተጣልተናል። ‹ብሎን ለምን ይቆጠራል?› ብዬ ጥግ ላይ ጻፍኩበት። ዓይነ ስውር ብሎን ምን ይሠራለታል?»

«ስንት ብሎን ነበር የቆጠረው?»

«እኔ እንጃ። መቁጠሩ ነው ያናደደኝ።»

መርማሪዋ የሰገነቱን መግለጫ ረቂቅ አስወጥታ የኃላፊውን የእጅ ጽሑፍ አየች። ከዚያ ፎቶ መቀየር የሚችለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ይችላል። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ፎቶ አንሺው መልከ መልካምና ትሑት ሰው ነው። ስሙ የተጠራው ከአሥር ዓመት በፊት በተነሣ አንድ ፎቶ ነው፤ አንዲት ሴት ሱቅ ፊት ለፊት ቆማ ስታለቅስ ያሳያል። የሰገነቱን ፎቶ ሲያነሣ ብሎኖቹን አላስተዋላቸውም ነበር ወይ ብትለው፣ ብርሃኑን እንጂ ብረቱን አላየሁም አለ። ስለ መግለጫው ስትጠይቀው ግን ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ እኔ አነሣለሁ፣ እሱ ያወራል። ከፎቶዬ ጀርባ የሚሸጉጠውን ሐተታ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

ሰሚዋ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር። መጀመሪያ አባቷ እህል ቀምሶ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ፎቶ ጋሼ የጻፉለት ፎቶ አይደለም» አለች።

«አላየሽውም እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«አላየሁትም። ሰምቼዋለሁ። ትናንት ለፖሊሶቹ ነገርኳቸው፤ ‹አንቺ ደግሞ ፎቶ ታያለሽ?› ብለው ሳቁብኝ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሰገነቱን መግለጫ እንድትከፍትላት ጠየቀቻት። የኮምፒውተሩ ድምፅ ያለ ስሜት አነበበ፦ «በብረቱ እግር አራት ብሎኖች አሉ። የአራቱም ራስ እንደ ብረቱ አረንጓዴ ተቀብቷል። በግራ በኩል ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መስታወት ይወለውላል።» መርማሪዋ ፎቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጋሼ ልቅም በመጨረሻ ያሰማት ምን እንደነበር ጠየቀቻት። ሰሚዋ የዚያ ጽሑፍ ረቂቅ ከኮምፒውተሩ ላይ እንደጠፋ ነገረቻትና በቃሏ አለችላት። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት። ሲያልቅ ጣቢያ ደውላ ዘበኛውን አምጡልኝ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ዘበኛው በካቴና እንደታሰረ ገባ። ሰሚዋ በኮቴው አወቀችው።

«አባዬ፣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ እናቴ» አለ። አልበላም ነበር።

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ጀመረች። ብሎኖቹ የተፈቱት በቅርብ መሆኑን የተፋቀው ቀለም ይናገራል አለች። ጋሼ ልቅም የገለጸው ሌላ ፎቶ ነው፤ ያኛው ተነሥቶ በቦታው ይኸኛው ገብቷል። ጽሑፉና የተለጠፈበት ቀን ግን የድሮዎቹ እንደሆኑ ቀርተዋል። ይህን ያደረገው ብሎኑን ፈትቶ ጥፋቱን ወደ ዘበኛው ሊያዞር የፈለገ ሰው ነው።

«ዘበኛው አይደለም፤ ራሱን የሚያሳስር ፎቶ አይለጥፍም። ልጁም አይደለችም፤ የዚህን ፎቶ ሐሰተኛነት የነገረችኝ እሷ ናት። እርስዎም አይደሉም» አለችው ኃላፊውን። «ጽሑፉ ውስጥ ብሎን እንደተቆጠረ በእጅዎ ጽፈዋል። ፎቶውን የቀየሩት እርስዎ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያጠፉት ያንን ነበር። የቀረው ከፎቶ ጀርባ ያለውን አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። «እኔ? ከሽማግሌው ጋር ምን አጣላኝ?»

«ንገሪው፣ የኔ ልጅ።»

ሰሚዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጋሼ ልቅም ሰኞ ያሰማትን አለች። «አንዲት ሴት በሱቅ መስታወት ፊት ቆማ ታለቅሳለች። መስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ ፎቶውን የሚያነሣው ሰው ይታያል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ናት። ካሜራውን በግራ ዓይኗ ላይ ይዛለች።»



«ፎቶ አንሺው ወንድ አይደል እንዴ አልኳቸው» አለች ሰሚዋ። «‹ያየሁትን ነው የምጽፈው› አሉኝ። ‹የሰው ገመና ግን በድንገት አይገለጥም፤ ራሱ ቢናገረው ይሻላል። ዛሬ ነግሬዋለሁ፤ እስከ ነገ ጠዋት እጠብቀዋለሁ› አሉ።»

ኃላፊው ታዋቂውን ፎቶ ከፍቶ መስታወቱን አጎላው። ለረጅም ጊዜ አየውና ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ።

«ሚስትህ ናት» አለ። ሴትየዋ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ሰኞ ሥራ ሲያልቅ ብሎኑን ፈታህ» አለች መርማሪዋ። «ሰገነቱን እንደገና አንሥተህ ፎቶውን ተካህ፣ ረቂቁንም አጠፋህ። እሱ ጊዜ ሰጠህ፤ አንተ በሰጠህ ጊዜ ገደልከው።»

ፎቶ አንሺው ሳቁን አቆመ። ዓይኑን ከፎቶው ላይ አላነሣም።

«አሥር ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አለ። «ስንት ሺህ ሰው ቆሞ አየው። አንድ ሰው እንኳን አላያትም። ይኼ ሽማግሌ ለማያዩ ሰዎች ብሎ አጠፋኝ።»

የዘበኛው ካቴና ተፈትቶ በፎቶ አንሺው እጅ ላይ ገባ። ፎቶ አንሺው ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ዘበኛው ካቴናው በተፈታበት ቀን ቤቱ ገባ፤ ወደ ሥራው ግን አልተመለሰም። ሙዚየሙ በጋሼ ልቅም ቦታ ማንንም አልቀጠረም። በሁለተኛው ወር የመግለጫ ክፍሉ ተዘጋ፤ ሰሚዋም የምትሰማው ሥራ የለም ተብላ ተሰናበተች።