በሂደት ላይ ያለው ልጅ

የክልሉ ምክር ቤት አባላት አፈ ጉባኤው ሲፈቅዱላቸው የሚናገሩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ባለ መስታወት ክፍል ተቀምጬ ቁልፉን ካልተጫንኩ፣ የቢሮ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተወካይ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ዓሣ ነው።

ይህን ሥራ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አጎቴ ሬዲዮ በሚጠግንባት ሱቅ እጁን እያየሁ፣ የተጣለ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ኤሌክትሪክ እየነዘረኝ የተማርኩት ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አላየኝም። «የት ነው የተመረቅሽው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁለተኛ አይጠይቀኝም።

እሱ አልጠየቀኝም። የጤና ቢሮው የሰው ኃይል ባለሙያ ነው። ምክር ቤቱ የቢሮውን ኃላፊ ስለ ሠራተኛና ስለ አገልግሎት በሚጠይቅበት ቀን ከኋላቸው ይቀመጥና መልስ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ያቀብላቸዋል። አንድ ቀን የኃላፊው ማይክሮፎን ሲያፏጭ ደረጃውን እየሮጠ ወደ ክፍሌ መጣ።

«እባክሽ፣ ማይክሮፎናችን ታሟል።»

«ማይክሮፎኑ ደህና ነው። አለቃህ ስልካቸውን ከጎኑ ያንሱለት።»

ወርዶ አነሳው፤ ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ዓይኔን መስበር ሲገባኝ አልሰበርኩም።

በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዞልኝ መጣ። «ምላስሽ መርፌ ነው» አለኝ፣ «እኔ ደግሞ ነርስ ነበርኩ፤ መርፌ አልፈራም።» ከዚያ ወዲህ ስሜ መርፌ ሆኖ ቀረ፤ እሱም የእኔ ሰው ሆነ።

በየስብሰባው ወደ አለቃው ጆሮ ሲያጎነብስ እስትንፋሱ በማዳመጫዬ ይመጣል። ያን ያህል ሰው በመሃላችን ተቀምጦ፣ እስትንፋሱ ግን ከጆሮዬ ሥር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱም ቢሆን።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያናድደኝ። «እናቴ ልታይህ ትፈልጋለች» ባልኩት ቁጥር ለአለቃው የሚጽፈውን መልስ ለእኔም ይሰጠኛል። «ጥያቄው ተገቢ ነው። በሂደት ላይ ነው።» መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ መሳቁን ተውኩት። እናቴማ ስም አወጣችለት።

«ያ በሂደት ላይ ያለው ልጅ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

«ሂደቱስ?»

እንደ እኔ ያለችን፣ ወረቀት የሌላትን፣ ለቤተሰቡ ማሳየት አፍሮ ይሆን እያልኩ ትራሴን ስገለባብጥ አነጋለሁ።

ይህ በሆነበት ሰሞን ነው የተከበረችው የመጣችው። በማሟያ ምርጫ ከሩቅ ወረዳ የገባች አዲስ የምክር ቤት አባል ናት። በአዳራሹ ደንብ ሁሉም «የተከበሩ» ይባላል፤ ሌላው ሰው «እሳቸው» ይላታል። እኔ አልልም። ረጅም ናት፣ አንገቷ ያምራል፣ ድምፅዋ ደግሞ ማስተካከያ አይፈልግም። ለእኔ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለች በመጀመሪያው ቀን፣ «በወረዳዬ ጤና ጣቢያ ስንት የሥራ መደብ ክፍት እንደሆነ አልጠይቅም፤ ሪፖርቱ ላይ አለ። የምጠይቀው፣ የተመደቡት ሰዎች ለምን እንደማይቆዩ ነው።»

ኃላፊው ወደ ኋላ ዞሩ። እሱ ግን እየጻፈ አልነበረም። እሷን እያየ ነበር፤ እኔን በመስታወቱ ባየበት ዓይን። ወይም ያኔ እንዲያ መሰለኝ። ቅናት እንደሆነ መነጽር አያውስም፣ የራሱን ዓይን ይተክላል።

ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ኮሪደር ላይ ቆመው ያወራሉ። ሳልፍ ዝም ይላሉ። እኔም «ደህና ዋሉ» ብዬ አልፋለሁ፤ ደህና እንዲውሉ ግን አልፈለግኩም።

በዕረፍት ሰዓት የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ እዘጋለሁ እንጂ ማይክሮፎኖቹ ወደ ማዳመጫዬ መምጣታቸውን አያቆሙም። ደንቡ ማዳመጫውን ማውለቅ ነው። የዚያን ቀን አላወለቅኩም። ሰው ሁሉ ለሻይ ወጥቶ ሁለቱ ቀርተው ነበር።

«ዛሬም አልነገርካትም?» አለችው።

«አንተ» ትለዋለች! በማይክሮፎን ሁሉንም «እርስዎ» የምትል ሴት!

«እፈራታለሁ» አላት። «አንቺ አታውቂያትም።»

እሱም አንቺ!

«ከሄድክ በኋላ በስልክ ልትነግራት ነው? ሴት ልጅ እስከ መቼ ትጠብቃለች?»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩት። ሌላ ምን ቀረኝ? ሊሄድ ነው፤ ከእሷ ጋር ነው፤ መርፌ የማይፈራው ጀግና ሊነግረኝ ፈርቷል።

ደረጃው ሥር አገኘኝ። ሻይ ይዟል።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«መርፌ...»

«ሻዩን ለተከበረችው ስጣት። አንገቷ ረጅም ነው፣ እስኪወርድ ይቀዘቅዝላታል።»

እዚያው ጥዬው ወጣሁ።

ከሰዓት ስብሰባው ቀጠለ። ኃላፊው የወረዳውን ጤና ጣቢያ በተመለከተ ወረቀታቸውን አነበቡ፤ «የሰው ኃይል የማሟላቱ ሥራ በሂደት ላይ ይገኛል።» የተከበረችው እጅዋን አነሳች፤ አፈ ጉባኤው ተጨማሪ ጥያቄ ፈቀዱላት፤ እኔም ቁልፏን ተጫንኩ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሂደቱን ለወላድ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ሕንፃው ቀለም አለው፣ ታፔላ አለው፤ በሩን የሚከፍት...»

አጠፋሁት። ጣቴ ራሱ ሄደ ልበል? አይደለም፤ እኔ ነኝ የላክሁት።

አዳራሹ ወደ እኔ መስታወት ዞረ። አፈ ጉባኤው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ሽቦ የምፈትሽ መስዬ አጎነበስኩ። ዝም ብላ ትቀመጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ብድግ አለች። ድምፅዋ ያለ እኔ፣ ያለ ሽቦ፣ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ መጣ።

«በሩን የሚከፍት ሰው የለውም! ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ወለደች። በዝናብ! የያዘቻት ጎረቤቷ ናት። በስም ንገሩኝ፤ ማን ነው የሚሄደው?»

እኔ ዝም ላሰኛት የፈለግኩት ባለ ረጅም አንገቷን ነበር። ዝም ልትል የነበረችው ግን ያቺ በዝናብ የወለደችው ሴት ናት። ጆሮዬ ጋለ። ቁልፉን መልሼ ተጫንኩ።

ኃላፊው ላብ በላብ ሆነው ወደ ኋላ ተመለከቱ። «ባለሙያው ያብራሩ።»

የእሱን ቁልፍ ተጫንኩ። መጀመሪያ እስትንፋሱ መጣ። ከዚያ፣

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የነርሱ መደብ ክፍት አይደለም። እኔ ነኝ የምሄደው። ነርስ ነኝ፤ ሥራ የጀመርኩትም እዚያ ነው። ዝውውሩን ራሴ ጠይቄ ትናንት ተፈርሞልኛል። በዚህ ወንበር ተቀምጬ 'በሂደት ላይ ነው' ብሎ መጻፍ ሰልችቶኛል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ኃላፊው «አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ» ያሉትን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስብሰባው ተበተነ። መብራቱን ላጠፋ ስል አዳራሹ ውስጥ እሱ ብቻ ቁጭ ብሏል። ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ።

«የተከበርሽ መርፌ፣ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

እኔም ከክፍሌ ወደ አዳራሹ የምናገርበት ማይክሮፎን አለኝ። ከፈትኩት።

«መጀመሪያ የእኔ ይቅደም። 'አንቺ' የምትላት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገሩ ገባውና ሳቀ። «እዚያ ነርስ ሳለሁ እሷ አስተማሪ ነበረች። የእሷ ቤት ተከራይ ነበርኩ። ወጥ መሥራት ያስተማረኝ ባሏ ነው። እንደምሄድ እያወቀች የጠየቀችውም በጉባኤው ፊት በስሜ እንዲመዘገብ ነው።»

ባሏ! ይህን ቀደም ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት?

«ለምንድነው የፈራኸኝ?»

«ተከተይኝ ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

«ማን ስለሆንክ ነው የምከተልህ!»

«አየሽ?»

ባዶው አዳራሽ ድምፄን መልሶ አሰማኝ፤ እውነትም የሚያስፈራ ድምፅ ነው።

«ስለዚህ ተከተይኝ አልልሽም» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ ከሚሰማበት የማይሰማበት ቀን ይበዛል። የቴክኒሻን መደብ እንዲከፈት እሷን ስጨቀጭቃት ነው የከረምኩት። ተከፍቷል። ተፈትነሽ በራስሽ ትገቢያለሽ። የምንሄደው አንድ ላይ ነው፤ ማን ማንን ተከተለ የሚለውን ስንከራከርበት እናረጃለን። ባዶ እጄን እናትሽ ፊት መቅረብ አልፈለግኩም። ጥያቄዬ ይኸው ነው።»

ማይክሮፎኑን ዘግቼ ወረድኩ። አጠገቡ ስደርስ የእስትንፋሱን ድምፅ ያለ ማዳመጫ ሰማሁት። እጄን ያዘ፤ ያዝኩት።

«መነጽሬን ረስቼ» አለ አንድ ድምፅ። የተከበረችው በሩ ላይ ቆማለች። ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «መርፌዋ አንቺ ነሽ? ስለ ምላስሽ አስጠንቅቆኛል፤ ስለ ሌላው ሁሉ ሲያሞግስሽ ጆሮዬን በልቶታል። ማይክሮፎኑ በራሱ ነው የጠፋው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» በአፌ «እርስዎ» አልኳት፤ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች መነጽሯን እየወለወለች። «ባሌ ላይ አንዷ ዓይኗን ብትጥል እኔ የሕንፃውን መብራት ነው የማጠፋው።»

ስትወጣ ወደ እሱ ዞርኩ። «እናቴስ?»

«ጥያቄው ተገ...» ብሎ ዓይኔን ሲያይ ዋጠው። «ዛሬ። አሁኑኑ።»

እናቴ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያም እኔን።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ፣ እማማ» አላት።

አሁን ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የሬዲዮ ጣቢያ እሠራለሁ። በመስኮቴ በኩል በሩን ሲከፍት አየዋለሁ። የተከበረችውም የሕዝብ ጥያቄ ልትመልስ በየጊዜው ስቱዲዮዬ ትመጣለች፤ ወዳጆች ሆነናል፣ ልጆቿም «እትዬ መርፌ» ይሉኛል። ድምፅዋን ግን እስከ ዛሬ በትንሹ፣ ለሌላ ሰው በማይታወቅ ልክ፣ ዝቅ አድርጌ ነው የማስተላልፈው።