ከጣሪያው በላይ ሰባት ሺህ

ንጉሰ ሊረከበው ጥቂት ቀን በቀረው ቤት ውስጥ፣ ወደ ምድር ቤቱ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ፣ በግንባሩ ተደፍቶ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ፖሊስ እሑድ ምሽት መጣ፣ «አዳልጦት ነው» ብሎ ጻፈ፣ ሬሳውን አንሥቶ በሩን ቆለፈ። ለአንድ ስደተኛ የመጋዘን ሠራተኛ ከዚህ በላይ የሚደክም አልነበረም።

የደከመው የሕይወት መድን የሸጠለት ኩባንያ ነው፤ ያውም ለእውነት ብሎ ሳይሆን ላለመክፈል። ሚስትየዋ ገፍታው ከሆነ ካሳው ይቀራል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ዘሪቱን ላኳት። ዘሪቱ አዲስ አበባ ሳለች ዐቃቤ ሕግ ነበረች፤ ሲያትል ውስጥ የኩባንያው መርማሪ ናት። አለቃዋ ቁልፉን ሲሰጣት፣ «የአንቺው ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ትግባባላችሁ» አላት። ደሟ ፈላ፤ ቁልፉን ግን ተቀበለች።

ቤቱ ቢከን ሂል የተባለው የሲያትል ኮረብታ አናት ላይ ያለ፣ ትንሽ፣ ቀለሙ አዲስ የተቀባ ቤት ነው። ዘሪቱ የምድር ቤቱን መብራት አብርታ ቁልቁል ተመለከተች። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። በግራ ግድግዳው ላይ አዲስ የእንጨት መደገፊያ በብረት ማሰሪያዎች ተገጥሟል። ያዘችና ወዘወዘችው፤ ንቅንቅ አላለም።

ግርጌው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከመጨረሻው ማሰሪያ ሥር ወለሉ ነጭ የልስን ብናኝ ለብሷል። መሐሉ ላይ ግን ብናኝ ያልነካው ቦታ አለ፤ የሰው ትከሻና የታጠፈ ክንድ ቅርጽ ያለው፣ ጥቁር፣ ንጹሕ ሲሚንቶ። ዘሪቱ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ፎቶ አነሣችው፤ ማንም እንዳይወርድ በሩን ቆልፋ ወጣች።

የንጉሰን ሚስት ኣብረሀትን ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ባለው የኪራይ ቤቷ አገኘቻት። ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል።

«እትዬ ዘሪቱ፣ እኔ ገፋሁት ብለው ነው የላኩሽ?»

«አዎ። ገፍተሽዋል?»

«ይሄን ሆድ ይዤ?»

«ሆድ ማስረጃ አይሆንም። ባልሽን እዚያ ቤት ያየሽው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ማታ። ለመጋረጃ መስኮት ልንለካ ሄድን። ምድር ቤቱን ላሳይሽ አለኝ። ደረጃው የምደገፍበት ነገር ስለሌለው እጄን ይዞ ቀስ እያደረገ አወረደኝ። ‹ሁለት ነፍስ ነሽ› እያለ ይስቃል።» ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰች። «የልጁ ክፍል እዚያ ነበር የሚሆነው።»

ዘሪቱ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት። «ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት?»

«ሶ፣ መንግሥት ዋስ ካልሆነን ባንክ ዓይናችንን አያይም። መንግሥት ደግሞ ዋስ የሚሆነው እስከ ጣሪያው፣ ራሱ እስከወሰነው ከፍተኛ ዋጋ ድረስ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለውን ራስህ ቻል ነው። ቤቱን ያገናኘን ወንድም አክሊሉ፣ ‹ሻጩ ከጣሪያው በላይ ሰባት ሺህ ዶላር ይፈልጋል፣ ወረቀት ላይ ከተጻፈ ግን ባንኩ ይሰርዘዋል፣ በእጅ ስጡ› አለን። ንጉሰ ዕቁብ የወጣለትን ሰው እግሩ ላይ ወድቆ ተራ ለወጠና አምጥቶ ለአክሊሉ ሰጠው።»

«እሑድስ?»

«ጋሽ ሰለሞንን ልለምነው ብሎ ወጣ፤ ከሰባቱ ሺህ ለልጁ አልጋ የሚሆን ቢመልስልን። በዚያው ቀረ።»

ጋሽ ሰለሞን የቤቱ ባለቤት፣ ኦቴሎ ውስጥ ሱቅ ያለው ሽማግሌ ነው። የዘሪቱን ጥያቄ ሰምቶ ሳይጨርስ ባንኮኒውን በጡጫ መታ።

«እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? ንጉሰም እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘኝና ‹ጋሼ፣ ከሰባቱ ሺህ› አለኝ። ‹የምን ሰባት ሺህ ነው? አንተ ልጅ አሞሃል?› ብዬ ሳቅሁበት። እኔ የጠየቅሁት ልክ ጣሪያውን ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ቤቱ የእኔ፣ ቁልፉ የእኔ፤ ሬሳውንም ሚስቱ ኮል አድርጋልኝ ያገኘሁት እኔ። አፌን ብከፍት መጀመሪያ የሚታሰረው ማነው?» ወደ መስኮቱ ዞረ። «መሳቄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

አክሊሉ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አጠገብ ባለው ቢሮው ቆሞ ተቀበላት። በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከበስተኋላው ቤት የገዙ ቤተሰቦች ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል።

«እህት ዘሪቱ፣ ጌታ ይባርክሽ።»

«ደላላው አንተ ነህ?»

«ኤጀንት» ብሎ አረማት።

«ሰባቱ ሺህ የት ገባ?»

«ጋሽ ሰለሞን እጅ። ደረሰኝ የለውም፤ እንዲህ ላለ ነገር ደረሰኝ አይቆረጥም። ኃጢአት ነው? ጣሪያውን ያወጡት ዋሽንግተን ዲሲ ተቀምጠው ነው፤ ቢከን ሂልን በሕልማቸውም አላዩትም። ክፍተቱን እኔ ካልሞላሁት ሕዝባችን ዕድሜ ልኩን ኪራይ ሲከፍል ይኖራል።»

ዘሪቱን ያናደዳት ውሸቱ አይደለም፤ ከንግግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ቀስ ብላ፣ «ደረጃው አደገኛ ነበር ይባላል» አለችው።

«ማን ነው ያለው?» አክሊሉ ተቆጣ። «መደገፊያ ከሌለው የቤቱን ዋጋና ደኅንነት የሚያየው የመንግሥት ገማች ቤቱን አያሳልፈውም። ቀለም፣ ደረጃ፣ መስኮት፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። መደገፊያውን እኔ በገዛ እጄ ገጥሜዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት።»

«እሑድስ ቤቱ ሄደህ ነበር?»

«እሑድ ጸሎት ላይ ነበርኩ። አካባቢው አልደረስኩም።»

«ኦኬ» አለች ዘሪቱ። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሬሳ ክፍል ነዳች።

በማግስቱ ሦስቱንም ባዶው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የፖሊስ መርማሪው ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆሟል። ኣብረሀት ወንበር ስለሌለ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

ዘሪቱ ጀመረች። «ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ጋሽ ሰለሞን አልተቀበልኩም ይላሉ፣ አክሊሉ ሰጥቻለሁ ይላል። ሁለቱም ቁልፍ አላቸው። ምስክር የሌለው ገንዘብ ስለሆነ በቃል ብቻ አንለያቸውም። ስለዚህ ገንዘቡን ተውኩትና ደረጃውን ያዝኩ። አክሊሉ፣ መደገፊያውን መቼ ገጠምኩ አልከኝ?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«ቅዳሜ ማታ ንጉሰ ሚስቱን እጇን ይዞ አወረዳት፤ የምትደገፍበት ስላልነበረ።»

«ቀኑን ተሳስቼ ይሆናላ! ቅዳሜ ሌሊት ይሆናል የገጠምኩት።»

«ይህን እንደምትል አውቄ ነበር። ና፣ ተመልከት።» የምድር ቤቱን በር ከፍታ መብራቱን አበራች። ከላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። «ግድግዳ ሲበሳ ብናኙ ቁልቁል ይወርዳል። ንጉሰ የወደቀው ከተበሳ በኋላ ቢሆን ኖሮ ብናኙ ከሥሩ ይገኝ ነበር። እሱ በተኛበት ቦታ ግን ሲሚንቶው ንጹሕ ነው። ጃኬቱን ሬሳ ክፍል ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ደረቱ ላይ አንድ ቅንጣት የለም።» ወደ አክሊሉ ዞረች። «መጀመሪያ ሰው ወደቀ፣ ከዚያ ግድግዳው ተበሳ። ንጉሰ ሞቶ ተኝቶ አንተ ከላዩ ቆመህ መደገፊያ ትገጥም ነበር።»

ኣብረሀት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ፖሊሱ ሰዓቱን ማየት ተወ። «ሰው የገደለ ይሮጣል። ይህ ለምን መሰርሰሪያ ያነሣል?»

«ገማቹ ሊመጣ ነበራ። ደረጃው ካላለፈ የመንግሥት ዋስትና የለም፤ ዋስትና ከሌለ የሚቀጥለው ገዢ፣ የሚቀጥለውም ሰባት ሺህ የለም። ይህ ሰው መስፈርቱን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። ጎዶሎ ቤት ትቶ መሄድ አልሆነለትም።»

አክሊሉ ላቡ በተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ተንጠፈጠፈ። «ልገድለው አልነበረም የገፋሁት። መደገፊያውን ልገጥም መጣሁ፤ እሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናዬን ደጅ ፓርክ ሳደርግ አየኝና ተከትሎኝ ገባ። ደረጃው አናት ላይ ኮሌታዬን ያዘኝ። ‹ሌባ› አለኝ! ስንቱን ቤት ያስገባሁትን እኔን!» ጮኸ። «ጣሪያው ነው የገደለው! እኔ አይደለሁም!»

«ጣሪያው ድሃውን ደጅ አስቀረው» አለችው ዘሪቱ። «ደጅ አድፍጠህ የጠበቅኸው አንተ ነህ። የልጁን አልጋ ሳይቀር በላህ።»

ካቴናው ገባ። ደጅ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ፖሊሶች አክሊሉን ወሰዱት፤ መርማሪው ቦታውን ሊጠብቅ ቀረ።

«ሶ፣ ቤቱስ?» አለች ኣብረሀት።

ዘሪቱ መልሱን ታውቀው ነበር። ብድሩ የተፈቀደው በሁለት ደመወዝ ነው። አንዱ ከሟቹ ጋር ሞቷል። የመድኑ ገንዘብ ቀብሩንና የዕቁቡን ዕዳ ከዘጋ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ነገረቻት፤ አላለሳለሰችውም።

ጋሽ ሰለሞን ባርኔጣውን ያሽከረክራል። «እኔ እጠብቅሽ ነበር፣ ልጄ። ግን ብጠብቅሽስ ማን ያበድርሻል?»

በሩ ተንኳኳ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው፤ የመንግሥት ገማቹ። ስለ ዘገየ ይቅርታ ጠየቀ። ፖሊሱ ወደ ታች አላሳለፈውም፤ ላይኛው ደረጃ ላይ ቆሞ መደገፊያውን ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ወዘወዘው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጠንካራ ሥራ ነው» አለ። «ደረጃው አልፏል። ገዢው ማነው?»

ኣብረሀት ቅዳሜ ማታ ረስተውት የሄዱትን የመጋረጃ መለኪያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።