የስኳሩ ጠርሙስ

«እስቲ ድገሚው፤ መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል» አለ የክፍል ጓደኛዋ ሽቦ።

ጽዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የኦክስጅን መለኪያውን ዘንግ አለቅልቃ እንደገና የስኳሩ ጠርሙስ ውስጥ ነከረችው። ቁጥሩ ትንሽ ዋለለና ቆመ። ስምንት ነጥብ አንድ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ክው አለች።

ጠርሙሶቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም የወንዝ ውሃ ይዘዋል። አንዱ ላይ ምንም አልተጨመረም። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ስኳር፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ እናቷ ጓሮ የምትሠራው ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ተደርጎበታል። አየር እንዳይገባ እስከ አፋቸው ተሞልተው፣ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ሃያ ስምንት ቀን ከርመዋል። ወንዝ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። የተጨመረላቸውን ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከቀነሰ ሳሙናው ተበልቷል፤ ወንዝ ቢገባም በስብሶ ይጠፋል ማለት ነው።

የሳሙናው አልቀነሰም። የስኳሩም አልቀነሰም።

«ስኳር አልበላም የሚል ተሕዋስ አለ እንዴ?» አለ ሽቦ። «እኔ ብሆን ጠርሙሱንም አልምር።»

ጽዱ አልሳቀችም። እናቷ የሳሙና ጀሪካኗን አጠገቧ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እጣቢ በቀጥታ የሚወርደው ወንዙ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ ሳሙናው የሚበሰብስ ከሆነ ለወጥ ቤቱ ከእናቷ ይገዛል፤ ውጤቱ ዛሬ ካልደረሰው ግን የፋብሪካውን ያዛል።

ቲቸር መጀመሪያውኑ አስጠንቅቋቸው ነበር። «የስኳሩ ጠርሙስ ምስክራችሁ ነው። እሱ ካልቀነሰ ሌላውንም አትመኑ» ብሏቸዋል።

ሽቦ ድንገት ዞሮ አያት። «ቆይ፣ ጠርሙሶቹን ያጠብሽው አንቺ አይደለሽ? በምን ነበር?»

«በ… በረኪና።»

«ሙቅ ውሃ ብቻ አልተባለም?»

«ይሸቱ ነበር!» ድምፅዋ ቀጠነ። ሳትጠርገው ወንበር ላይ የማትቀመጥ ልጅ ናት፤ ጽዱ የሚለውን ስም ያወጡላትም ለዚሁ ነው። «አንድ ጊዜ አለቅልቄያቸው ነበር።»

«አንድ ጊዜ! እንግዲያው በረኪናው እዚያው ቀርቶ ተሕዋስያኑን ገድሏቸዋል። አንድ ወንዝ ሙሉ ሕዝብ ፈጅተሽ ቁጭ ብለሻል እኮ!»

የጽዱ ዓይን እንባ ሲያቀር አየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እሺ ስሚኝ። የስኳሩን ሁለት በይው። የሳሙናውን ሦስት። ውሃውን እንደፋዋለን፣ አለቀ! ማን ያውቃል?»

«ሳሙናው ባይበሰብስስ?»

«ቢበሰብስስ? ለእናትሽ ጥሩ ዕድል ነው፣ አንቺ ልታስቀሪባት ነው እንዴ?»

ከደረጃው የቲቸር ጫማ ድምፅ ተሰማ። ጽዱ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ሁለት» ብሎ ለመጻፍ የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። ግን ጠዋት መንገድ ላይ እናቷ የጠየቀቻት ትዝ አላት። «የእውነት ይጠፋል እንዴ? ለዳይሬክተሩ ሳይሆን፣ ለእኔ ንገሪኝ» ነበር ያለቻት። እሷም አታውቀውም ነበር። አሁንም አታውቀውም።

በስኳሩ መስመር ላይ ስምንት ነጥብ አንድ ብላ ጻፈች። በሳሙናውም ላይ እንደዚያው። ከሥር አከለችበት፤ «ጠርሙሶቹን በበረኪና ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

«አበድሽ!» አለ ሽቦ በሹክሹክታ።

ቲቸር እስኪደርስ ሳትጠብቅ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቷ ገና ስታያት ብድግ አለች።

«እሺ? ይጠፋል?»

«እማዬ፣ ገና አላወቅንም። ሙከራውን አበላሸሁት።»

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ጀሪካኑን አየችው።

«እንደገና ከተጀመረ ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ሃያ ስምንት» አለች እናቷ ለራሷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ልታነሳ ስትል ጽዱ ቀደመቻት።

«እዚሁ ቆዪኝ፣ እማዬ» አለች። «ለዳይሬክተሩ እኔ ነኝ የምነግረው። ሃያ ስምንት ቀን እንዲጠብቀንም እጠይቀዋለሁ።»

በአንድ እጇ ጀሪካኑን፣ በሌላው ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አመራች።