ዳማ ሆኖ የተወለደው አምባላይ

አባቴ አቶ ወልደአማኑኤል ጡረታ ሲወጣ ፈረስ አማረው። ዕድሜውን አዳማ ውስጥ በመዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው! አንዲት ነጭ ባዝራ ገዛና ነጭ ውርንጭላ እንድትወልድለት ወለንጪቲ ድረስ ወሰዳት። እዚያ የፈረስ አርቢው የኦቦ ጉቱ ልጅ ሞቲ፣ ስሙ የተጠራ አምባላይ፣ ማለት ነጭ፣ ድንጉላ ነበረው። እኔ ሴት ልጁም አብሬው ሄድኩ።

ሞቲ የድንጉላውን ጋማ በጣቶቹ እያፍታታ፣ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ያነጋግረው ነበር። ዐይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ፈረሱ ወዲህ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«አይቼዋለሁ» አልኩት። አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባዝራዋን ሰበብ እያደረግኩ ስንት ቅዳሜ እንደተመላለስኩ አልናገርም። ሞቲ ኮቴ ሰምቶ ብቻ ፈረሱን የትኛው እግሩ እንዳመመው ያውቃል። እኔ የእንስሳት ዘር ተምሬ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራሁ፣ እንደሱ ያለ አዋቂ አላጋጠመኝም። ወደድኩት፤ ወደደኝ። ውርንጭላው ሲወለድ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን።

ውርንጭላው እኛ ግቢ ተወለደ። ዳማ ነው፤ ቀይ ቡናማ።

«ነጭና ነጭ ዳማ ይወልዳል?» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ድንጉላውን ቀይሮብኛል!»

ሞቲ ወሬውን ሰምቶ እየበረረ መጣ። ተንበርክኮ በውርንጭላው ዐይን ዙሪያ ያለውን ፀጉር ገለጥ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይመልከቱ፤ እዚህ ጋ ነጭ ፀጉር ጀምሯል። የእኔም ድንጉላ ሲወለድ ጥቁር ነበር። አምስት ስድስት ዓመት ይታገሡት፣ ይነጣል።»

«ስድስት ዓመት! እስከዚያ አንተን የት አገኝሃለሁ? አጭበርባሪ!»

ፈረስ አርቢ ድንጉላ ቀየረ ከተባለ አለቀለት፤ ባዝራውን የሚያምነው አይኖርም። ሞቲ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ፣ ሶሲ?»

«መመርመር ይቻላል» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ይቻላል። እሱ ግን የጠየቀኝ ይህን አልነበረም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«የፈረሴን ፀጉር ውሰጂ» አለ። «ሽማግሌ ግን አልልክም። አጭበርባሪ የተባለ ሰው ሚስት አይጠይቅም።»

ከድንጉላው፣ ከባዝራዋና ከውርንጭላው ጋማ ፀጉር ከነሥሩ ነቅዬ ለምርመራ ላክሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሞቲ ስልኬን አላነሳም። ቤተ ሙከራ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ውጤቱ መጣ። የውርንጭላው አባት ያው አምባላዩ ድንጉላ ነው። ድንጉላው የሚያነጣውን ዘር ከእናቱም ከአባቱም ወርሷል፤ ስለዚህ ልጆቹ ምንም መልክ ይዘው ቢወለዱ፣ ሲያድጉ ሁሉም ይነጣሉ። ማሽኑ ሁለት ወር የፈጀበትን ሞቲ ተንበርክኮ በአንድ አፍታ አይቶታል።

አባቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበ። ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ጎረቤታችንን ጋሽ ሽኩርንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ወለንጪቲ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩ።

ኦቦ ጉቱ ግቢ ግራር ሥር፣ እኛ በአንድ አግዳሚ እነሱ በሌላው፣ ትይዩ ተቀመጥን። አባቴ ብድግ አለ።

«ልጅዎን ሳላውቅ አዋረድኩት። አላዋቂው እኔ ነኝ።»

ሞቲ ጉልበቱን ሊስም ሲጎነበስ አባቴ ቀና አድርጎ አቀፈው።

«እኔም አለብኝ» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። ጉንጬ ነደደ። «ሞቲ፣ ያን ቀን የጠየቅከኝ ስለ ፈረሱ አልነበረም። ያለ ወረቀት አምንህ ነበር፤ ሰው ፊት ለመናገር ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

አየኝ። ከዚያ ዐይኑ ሳቀ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ ኦቦ ጉቱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ እንጂ! ልጄ ሽማግሌ አልልክም ብሏል፤ ቃሉን አያጥፍም። እናንተን ግን እሱ አልላካችሁም፤ በእግራችሁ መጥታችኋል።»

ጋሽ ሽኩር ነገሩ ገባቸው። ከዘራቸውን አንሥተው ተሻገሩና ከኦቦ ጉቱ ጎን ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። አባቴ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ።

«ከእኔ ጋር አልነበራችሁም እንዴ?» አለ።

«ነበርን» አሉ ጋሽ ሽኩር ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «አሁን ግን አቶ ወልደአማኑኤል፣ ሴት ልጅዎን ለወንድ ልጃችን...»

ወጉ «እንምከርበት» ብሎ ቀጠሮ መስጠት ነው። አባቴ እኔን አየ፤ እኔ ሞቲን እያየሁ ነበር።

«ሰጥቻለሁ» አለ፣ ጋሽ ሽኩር ሳይጨርሱ።