የተክለወልድ ፓርኬ

ተክለወልድ የሞተው በገዛ ወለሉ ላይ ነው። የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭን፣ የአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ነጋዴ ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. ሳሎኑን ፓርኬ ካስነጠፈ ወዲህ ስለ ወለሉ ሳያወራ የሚለቀው እንግዳ አልነበረም። እሑድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ሸዋነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርሮ፣ ማጅራቱ ተሰብሮ አገኘችው። ወለሉ በሰም ያብረቀርቃል። አዳልጦት ነው ተባለ። ሰም የምትቀባው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ አገኘሽ ናትና ሸዋነሽ «ሰም አብዝታ ባሌን ገደለችብኝ» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ሰሙን ሳትቀባ ገበያ እንደተላከች ብትምልም የሰማት የለም፤ ፖሊሶቹ ይዘዋት ሄዱ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ የድሃ ልጅ ግን ሳይወድቅም ይበዛበታል።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ሻሺቱ የደረሰችው ሬሳው ሳይነሣ ነው። ሲያነሡት ጎንበስ ብላ አየች። ዙሪያው ሁሉ ሰም ሲሆን ጀርባው ያረፈበት እንጨት ደረቅ ነው። የጫማው ሶልም ሰም አልነካውም። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ወለሉን በብርሃኑ በኩል ስታጤን ቆየች።

ሸዋነሽ ባሏን ካኮረፈች ሰንብታ ነበር። እሷ ሴራሚክ ነበር የፈለገችው፤ በአርባ ምንጭ ሙቀት እንጨት ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይበላዋል ብላ ለምናው አልሰማትም። ሰሙ እንዴት እንደሚቀባ ስትጠየቅ ተቆጣች።

«እኔ ወለል ስወለውል አይተሽኛል? የሠራተኛ ሥራ ነው።»

አናጢው ገብረ ማርያምም ቂም ነበረው። ተክለወልድ ፓርኬውን ቀጥ ባለ መስመር አስነጥፎት ሲያበቃ እንደ ዓሣ አጥንት ካልሆነ ብሎ አስፈረሰው፤ በሠራተኞቹም ፊት ሰደበው። አናጢው ይህን አልደበቀም፤ «ረግሜዋለሁ፣ አልነካሁትም» አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ቆሞ እንደነበር ቄሱም መሰከሩ።

የሟች ታላቅ እህት ልክነሽ የምትኖረው ከጓሮ ባለች አንዲት የአፈር ክፍል ውስጥ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደጋው ኦቾሎ መንደር ላይ የሰው ቤት ወለል በእበት እየለቀለቀች ያስተማረችው እሷ ናት። ፓርኬው ከተነጠፈ ወዲህ ግን ሳሎን እንዳትገባ ከልክሏታል፤ የተሰነጠቀ ተረከዝሽ እንጨቱን ይጭረዋል አላት። አይ ወንድም!

«ሳሎኑን ረግጬው አላውቅም፣ ልጄ» አለች ልክነሽ። ሻሺቱ የክፍሏን ወለል አየት አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አገኘሽንም ከእስር ቤት አስመጣቻት፤ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ በሩ ጋ ቆመች።

ሻሺቱ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። ሬሳው ሥር ሰም የለም፣ ስለዚህ ሰሙ የተቀባው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። አዳልጦት ሳይሆን ተገፍቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ ሰሙ የገፋው ሰው ሽፋን ነው። አገኘሽ ሰም የምትቀባው ቆማ፣ ጨርቁን በእግሯ ረግጣ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀጥ አድርጋ ነው። አገኘሽ የቀባችውን ሌላ ክፍል ሻሺቱ አይታ አረጋግጣለች።

«ይኼኛው ግን በእጅ የተቀባ ነው። ከጓዳው ጥግ ይጀምርና ግማሽ ክብ በግማሽ ክብ ላይ እየደረበ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በሩ ላይ ያልቃል። ወለል በእበት የሚለቀልቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። እዚህ ግቢ ውስጥ እንደዚህ የተለቀለቀ አንድ ክፍል አለ፤ ትናንት አይቼዋለሁ። የክንዱ ስፋት እንኳ አንድ ነው።» ወደ ልክነሽ ዞረች። «እትዬ ልክነሽ፣ እጅዎ የለመደውን ነው የሠራው።»

ሸዋነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልክነሽ አልካደችም። እሑድ ጠዋት ወንድሟ ጠርቷት ነበር፤ ክፍልሽን የሲሚንቶ ሊሾ አስደርጌ ላከራየው ነው፣ አንቺ ወደ ኦቾሎ ተመለሽ አላት። ልትለምነው ወደ ሳሎን ስትገባ ከወለሉ ላይ ሊያስወጣት ክንዷን ያዘ። ገፋችው።

«መሞቱን ሳይ ደነገጥኩ» አለች። «ያዳልጣል ሲሉ እሰማ ስለነበር ሰሙን አነሣሁ።»

ሻሺቱ የተናደደችው ያኔ ነው። ወንድምን በቁጣ መግፋትን ትረዳዋለች፤ ሌላው ግን አልገባት አለ።

«ይቺ ልጅ ስትታሰር እያዩ ዝም አሉ። ለምን?»

ልክነሽ አገኘሽን አየቻት። ያፈረች አትመስልም፤ ግልጽ የሆነ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው በእርጋታ ነበር የመለሰችው።

«ገጠሬ ናት፣ ልጄ። የእስር ቤቱን ወለል፣ ብርዱንም አፈሩንም ትችለዋለች ብዬ ነው።»

አገኘሽ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለልክነሽ አዝና እያለቀሰች ነበር። እንባዋን ጠረገች። የልብሷን ጥቅል ከጓዳ አወጣች፣ ማንንም ሳትሰናበት በፓርኬው መሃል አቋርጣ ሄደች።