ከቡቺ እግር የተፈታው ቅጠል

ሙት ይመለሳል የሚሉትን ወሬ የምሰማው ለጨዋታ ያህል ነበር፣ እመኑኝ፣ ባለቤቴ ተሾመ ሞቶ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ኮቴ ሰማሁ ብዬ አላውቅም፣ ብሰማማ ደስ ባለኝ ነበር።

በሰው አገር፣ ንሳምብያ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለችው ቤታችን ከእሱ የቀረኝ ከቡችላነቱ ያሳደገው ቡቺ የሚባል ውሻና በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ የተከለው እንዳሁላ ነው፣ ያ ቅጠሉ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ተክል። እናቱ እብጠት ያስታምሙበት ስለነበር ከአገር ቤት ቆርጦ አመጣው፣ ጉልበቱ ባበጠ ቁጥር ቅጠሉን አሙቆ ያስርበት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቡቺ እያነከሰ ገባ፣ የፊት እግሩ አብጧል። ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ላላት ጓደኛዬ ለዘነበች ደወልኩ።

«እንዳሁላ ላስርለት ነው» ስላት፣

«ወይ አንቺ! ደግሞ የውሻ ወጌሻ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፣ ቡቺ ከሄደ የተሾመን ድምፅ የሚያስታውስ ሌላ ነፍስ እዚህ ቤት የለም።

ቅጠሉን ከሰል ላይ ለብ አድርጌ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አሰርኩለትና እጄን ልታጠብ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ እግሩ ባዶ ነው። ቅጠሉ የለም፣ ቅዳጁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ክር ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ ተቀምጧል፣ ተሾመ የፈታውን ገመድ ሁሉ በጣቱ ላይ እንዲህ ነበር የሚጠቀልለው። ራሴው ፈትቼው ይሆናል፣ ሐዘን ያስረሳል አልኩና ሌላ ቅጠል አሙቄ፣ ደጋግሜ ቋጥሬ አሰርኩ።

ከሰሉን ላጠፋ ዞር ከማለቴ የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ሲጢጥ አለ። ሮጬ ስገባ ቡቺ ቁም ሳጥኑ ሥር ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አንገቱን ወደ ላይ ሰጥቷል፣ ሰው ሲያሸው እንደሚያደርገው፣ አጠገቡ ግን ማንም የለም፣ እግሩም እንደገና ባዶ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ የቁም ሳጥኑን አናት ሳይ ሁለቱም ቅጠሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ የፊተኛው ቀዝቅዟል፣ የኋለኛው ገና ትኩስ ነው። እኔ እዚያ ያለ ወንበር አልደርስም፣ ተሾመ ግን ባርኔጣውን የሚያኖረው እዚያ ነበር።

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ለምትሠራው ጎረቤቴ ለናካቶ ደወልኩላት፣ በዝናቡ ሮጣ መጣች።

«ማዳም፣ ልሶታል?» አለችኝ ገና ቅጠሉን ስታይ።

«ኧረ አልላሰውም፣ እግሩ ላይ አስሬለት ወዲያው ተፈታ፣ ምነው?»

«ይሄ እኮ ለውሻ መርዝ ነው፣ ልቡን ነው የሚይዘው! ውሻ ደግሞ ያሰሩለትን ሳያኝክ አይተውም። ማን ደርሶ ፈታው?»

ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ቀና አልኩ። ናካቶ እግሩ ውስጥ እሾህ አግኝታ ነቀለችለት፣ ቡቺ ይኸው ዛሬም ይሮጣል።

ዘነበች «ተሾመ ነዋ! ውሻውን አሳልፎ አይሰጥም፣ ደስ ይበልሽ» ትለኛለች። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፣ እግዜር ያውቃል። ግን ተሾመ ቅጠሉ ለውሻ መርዝ መሆኑን አያውቅም ነበር፣ እንዳሁላ ለሰውም ለከብትም መድኃኒት ነው ብሎ እስከ መጨረሻው የሚምል ሰው ነበር፣ ታዲያ ማን ነገረው? እሱ ካልሆነስ፣ ያ የፈታው ነገር ጨርቅ መጠቅለሉን ከማን ተማረ?

አሁንም ዝናብ ሲመጣ ቡቺ ቁም ሳጥኑ ሥር ሄዶ አንገቱን ወደ ላይ ይሰጣል። በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ፣ ተሾመ ብዬ መጣራት ይዳዳኛል፣ ሌላ ነገር አቤት እንዳይለኝ ፈርቼ ዝም እላለሁ።